ለቁመቱ የተቀጠረ አባት

ለአሥር ልጆች አባት ሆኜ ቆሜአለሁ፤ አንዳቸውንም አልወለድኩም። የራሴ ልጅ የለኝም። ያለኝ አንድ ሜትር ከዘጠና አራት የሚሆን ቁመት፣ አርባ ሰባት ቁጥር ጫማ፣ ሰፊ ትከሻ እና ዝም ካልኩ ደህና ሰው የሚመስል ፊት ነው። እዚህ የሸንኮራና የቤዝቦል ከተማ በሆነችው ሳን ፔድሮ ደ ማኮሪስ አካባቢ ይህ ብቻውን እንደ ሙያ ይቆጠራል። ስሜ ሌዮካዲዮ ነው። ጎሚስታ ነኝ፤ ወደ ስኳር ፋብሪካው በሚወስደው መንገድ ዳር ጎማ እጠግናለሁ። የአባትነቱን ሥራ የምሠራው ኔኖ ላንቲጉዋ ሲጠራኝ ብቻ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአሜሪካ የቤዝቦል ክለቦች የሚላኩት መልማዮች የአሥራ ስድስት ዓመት ወርዋሪ ሲያዩ ዛሬ የሚወረውረውን ኳስ አይደለም የሚገዙት፤ የዛሬ ስምንት ዓመት የሚወረውረውን ነው። በተለይ ጨዋታ ከፋች ወርዋሪ የሚፈልጉ ከሆነ፣ ማለትም ከመጀመሪያው ኳስ ጀምሮ ጨዋታውን ለሁለት ሰዓት በጫንቃው ተሸክሞ የሚዘልቅ፣ ትልቅ አካል ካላዩ አይረኩም። አጭሩን ማብቂያው ላይ ገብቶ ትንሽ ወርውሮ የሚወጣ ያደርጉታል፤ አለዚያ ጭራሽ ዞር ብለው አያዩትም። ልጁ ነገ ምን ያህል እንደሚረዝም ደግሞ ከፊቱ ላይ አይነበብም። ስለዚህ "አባቱን አምጡት" ይላሉ። አባትየው ይመጣል፤ ዙሪያውን ያዩታል፤ መዳፉን፣ እግሩን፣ ቁርጭምጭሚቱን፣ በሬ ገበያ የወጣ ሰው ጥርስ ገልጦ እንደሚያየው። አባትየው አጭር ከሆነ ልጁ አለቀለት።

ኔኖ ይህን ስለሚያውቅ አጫጭር አባቶችን ይደብቅና እኔን ያቆማል። ኔኖ ራሱን አሰልጣኝ ይላል። ከየሸንኮራ ቆራጩ ሰፈር የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ይለቅምና ሩዝ እያበላ፣ ኳስ እያስወረወረ ያሳድገዋል፤ ልጁ ለክለብ ሲፈርም ከክፍያው ቦጭቆ ይወስዳል። ዓይኑን በጨው የታጠበ ሰው ነው። እውነተኛው የልደት ወረቀት በኋላ ይመጣል፤ ያኔ የመልማዩ ልብ ልጁ ላይ ስለተጣበቀ አባትየው ቢያጥርም ዓይኑን ጨፍኖ ያልፈዋል። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ አሥር ጊዜ ቆምኩ። በፍየል ሥጋና በሁለት ጠርሙስ የሮም አረቄ ነበር የምቆመው።

ይህን የምጽፈው ግን ስለ እኔ አይደለም፤ ስለ ቶሪቢዮ ነው።

ቶሪቢዮ የበሬ ጋሪ ነጂ ነው። በአጨዳ ወራት ከእርሻው እስከ ባቡር መጫኛው ድረስ ሸንኮራ ያመላልሳል። ከበሬዎቹ ጎን ሲሄድ በወዲያኛው በኩል ላለ ሰው የሚታየው ባርኔጣው ብቻ ነው። ሰፈሩ "ጉራጅ" ይለዋል። በእኛ አገር ቅጽል ስም ያልወጣለት ሰው የለም፤ እኔም "ምሰሶ" ነኝ። ሁለታችን መንገድ ላይ ቆመን ስናወራ የሚያልፈው ሁሉ ሳይስቅ አያልፍም ነበር።

ወይፈን በመግራት የሚወዳደረው አልነበረም። ሌሎቹ ነጂዎች ሁለት ዓመት የሞላውን ወይፈን ጠምደው ጋሪውን ጢም አድርገው ይጭኑበታል። ቶሪቢዮ የመጀመሪያውን ዓመት ባዶ ቀንበር ብቻ አሸክሞ ያንሸራሽረዋል፤ ሁለተኛውን ዓመት ግማሽ ጭነት ይጭናል፤ ሁለት ቀን አከታትሎም አይጠምደውም። የእርሻው ሹም ይጮኽበታል፣ እሱ ጆሮውን ይደፍናል። የሌሎቹ በሬዎች በሰባት ዓመታቸው ትከሻቸው ተልጦ፣ ወገባቸው ተሰብሮ ወደ ቄራ ሲነዱ፣ የእሱ ሉሴሮ አሥራ ሦስተኛ ዓመቱን ይዞ አሁንም ዳገት ይጎትታል።

ልጁ ዊልኪን በአሥር ዓመቱ ኳስ መወርወር ጀመረ። ኳስ ስል በጨርቅ የተጠቀለለ ድንጋይ ማለቴ ነው። ክንዱ እንደሌሎቹ ልጆች አይንገጫገጭም፤ ከትከሻው እንደ ውሃ ይወርዳል። ቶሪቢዮ አንድ ቀን ጋሪው ላይ ቁጭ ብሎ ሲያየው ዋለ። በማግስቱ ቀይ ቦሎቄ ቆጥሮ በቀኝ ኪሱ ይዞ መጣ። ልጁ አንድ በወረወረ ቁጥር አንዷን ፍሬ ከቀኝ ኪሱ ወደ ግራ ኪሱ ያሻግራል። ቀኝ ኪሱ ባዶ ሲሆን በሬዎቹን በሚያስቆምበት ፉጨት ያፏጫል፤ ልጁም ኳሱን ይጥላል። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ውሻ ላይ ድንጋይ እንኳ አይወረውርም። በአሥር ዓመቱ ሠላሳ ፍሬ ነበር፤ በዓመት አምስት አምስት እየጨመረ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ስልሳ ደረሰ።

"ጉራጅ፣ ዛሬ ልጁን ነው የምታሳድገው ወይስ ሾርባውን ነው የምትሠራው?" ይሉታል የሰፈሩ ሰዎች።

"ሾርባው ይደርሳል" ይላቸዋል፤ ሌላ መልስ አልነበረውም።

እኔ አልስቅበትም ነበር። እኔ በአሥራ አምስት ዓመቴ ቅዳሜ ሙሉ ጨዋታ፣ እሑድ ሌላ ሙሉ ጨዋታ ያስወረወሩኝ ሰው ነኝ። ሲያመኝ ለፈረስ የሚሰጥ መርፌ ወጉኝና "ሂድ ወርውር" አሉኝ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ አሜሪካ ውስጥ አንድ ስሟን የረሳኋት ከተማ እየወረወርኩ ክርኔ ቀጭ አለ። የመመለሻ ትኬትና አንድ ሻንጣ ሰጥተው ሸኙኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀኝ ክርኔ ተዘርግቶ አያልቅም፤ ጎማ ስፈታ ብረቱን በግራዬ ነው የምገፋው። ለእኔ ቦሎቄ የቆጠረ ሰው አልነበረም። ቶሪቢዮን ሳይ ቅናትም ፍቅርም ይሰማኝ ነበር።

ዊልኪን አሥራ አራት ሲሞላው ኔኖ መጣና ወሰደው። አባትና እናቱ እሺ አሉ፤ ሌላ በር የለም፤ መልማዮቹ የሚመጡት ኔኖ ሜዳ ላይ ነው። ኔኖ በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ መቶ ኳስ ሊያስወረውረው ፈለገ። ቶሪቢዮ ከሽቦው አጥር ውጭ ቆሞ ቦሎቄውን ያሻግራል፤ ሲያልቅ ያፏጫል፤ ልጁ ኳሱን ይጥላል። ኔኖ ሰደበ፣ ዛተ፣ ልጁን ሁለት ቀን እራት ከለከለው። ልጁ ፉጨት ሲሰማ እጁ በራሱ ይወርድ ነበር። በመጨረሻ ኔኖ ተሸነፈ፤ ግን ቶሪቢዮ ከአጥሩ ውስጥ እግሩን እንዳያስገባ አደረገ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቶሪቢዮ የልጁን ጨዋታ በሽቦ ቀዳዳ አየ።

በአሥራ ስድስት ዓመቱ ልጁ አንድ ሜትር ከሰማንያ ደርሶ ነበር፤ የእናቱ ወንድሞች ረጃጅም ናቸው። ይህ አይበቃም። አንድ ማክሰኞ ኔኖ መኪናውን ጎማ ቤቴ ፊት አቆመ።

"ምሰሶ!" አለኝ ከመኪናው ሳይወርድ። "ቅዳሜ አባት ነህ።"

"የማን?"

"የዊልኪን።"

የያዝኩትን ቸርኬ ለቀቅኩት። "ዊልኪን አባት አለው እኮ። ትናንት እዚህ ቁጭ ብሎ ነበር።"

"አለው እንዴ? እኔ አላየሁትም፤ ሣሩ ጋርዶት ይሆናል" ብሎ በገዛ ቀልዱ ተንከተከተ። "ስማ፣ የሚመጣው መልማይ ዶን አርሴኒዮ ነው። ከሳንቲያጎ ነው፣ እኛን አያውቀንም። ለጨዋታ ከፋች የሚሆን ክንድ እየፈለገ ነው፤ በቁመት ያበደ ሽማግሌ ነው አሉ። ያን ጉራጅ ቢያይ 'ይሄ ልጅ እድገቱ እዚህ ላይ ቆመ' ብሎ ነው የሚሄደው።"

"አልሠራም" አልኩት።

"ምነው? ዋጋ ለማስጨመር ነው?"

"ቶሪቢዮ ወንድሜ ነው። ሂድ ከዚህ!"

በማግስቱ ጠዋት ግን ራሱ ቶሪቢዮ መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ ያረጀ ጎማ ላይ ተቀመጠ።

"አልሠራም አልክ አሉ" አለኝ።

"አዎ አልኩ። ምን ልበል? አንተ የት ልትሆን ነው?"

"ከአጥሩ ውጭ። ሁልጊዜስ የት ነኝ?"

"ቶሪቢዮ፣ ይሄ ነውር ነው።"

"ነውሩ ለማን ነው? ለእኔ ከሆነ እችለዋለሁ። እየው ወንድሜ፣ ለዚህ ልጅ ዕድሜ ስጥ ብባል እሰጣለሁ። ቁመት ግን ከየት ላምጣ? አንተ አለህ። አውሰኝ።"

የጎማ ማጣበቂያውን ክዳን ስከፍትና ስዘጋ ቆየሁ። እሱ ዝምታዬን እንደ እሺታ ቆጥሮ ልጁን ያስጠናኝ ጀመር።

"ከጠየቁህ፣ በአሥራ አንድ ወሩ ነው የሄደው። የዓሣ ሽታ አይወድም። ግራ ጉልበቱ ላይ ያለው ጠባሳ ከጋሪ ወድቆ ነው፤ ሉሴሮ ረግጦት ነው እንዳትል። ሌላ ደግሞ፣ ሲፈራ ጆሮውን ይነካል። እንደዚህ። ከነካ ሳል በል፤ አባቱ እንዳለ ይወቅ። ሌላ ምንም አትበለው፣ ሳል ብቻ።"

"አንተ ራስህ ሳልለት" አልኩት ተናድጄ።

"እኔማ እስላለሁ። ግን ከአጥሩ ርቆ ከሆነ ላይሰማ ይችላል ብዬ ነው።"

ቅዳሜ ጠዋት ኔኖ ሜዳ ላይ ቆምኩ። ኔኖ ንጹሕ አጭር እጅጌ ሸሚዝ አልብሶኛል፤ ክንዴ ወፍሮ ይታይ ብሎ። አሥራ አምስት የሚሆኑ ልጆች ከጥላው ሥር ተደርድረዋል። ሁሉም የማን ልጅ እንደሆነ፣ የማን እንዳልሆነ ያውቃሉ፤ አንዳቸውም ትንፍሽ አይሉም፤ ነገ የእነሱ ተራ ነው። ከሽቦው ውጭ፣ ከሸንኮራው ጫፍ ላይ፣ ያ ባርኔጣ አለ።

ዶን አርሴኒዮ ቀጭን፣ ጥንቁቅ ሽማግሌ ነው። አንድ ደብተርና የፍጥነት መለኪያ ይዟል። ጨበጠኝና "እርስዎ ነዎት አባቱ?" አለኝ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። ኔኖ ከኋላ ጎሸም ሲያደርገኝ ዊልኪንን ትከሻውን መታ መታ አድርጌ "አይዞህ ልጄ" አልኩት። ልጁ ትከሻውን ሰበቀ። ቆሻሻ የነካው ሰው እንደሚያደርገው ነው፤ አልተቀየምኩትም።

ወረወረ። የተቀባዩ ጓንት ጧ! ጧ! ይላል፤ ሌላ ድምፅ አልነበረም። ሽማግሌው መጀመሪያ ከኋላ፣ ከዚያ ከጎን፣ ከዚያ ቁጢጥ ብሎ አየው። የፍጥነት መለኪያውን ከጥቂት ኳስ በኋላ ኪሱ ከተተው። እግሩን፣ ዳሌውን፣ ክንዱ የሚመለስበትን መንገድ ነበር የሚያየው። ሠላሳ ደረሰ፣ ሃምሳ ደረሰ፤ ፍጥነቱ ከመጀመሪያው አልቀነሰም።

ስልሳ ላይ ፉጨቱ መጣ። የልጁ እጅ ወረደ።

"ምን ሆነ? አሥር ይጨምር" አለ ዶን አርሴኒዮ።

"ወርውር!" አለ ኔኖ። ልጁ ሁለት ወረወረ። ፉጨቱ ተደገመ፤ አሁን ረዘም ብሎ። ልጁ ኳሱን መሬት ላይ አስቀመጠ።

"ያ የሚያፏጨው ማነው?"

"በሬ ነጂ ነው ዶን አርሴኒዮ፤ በሬዎቹን እየጠራ ነው" አለ ኔኖ።

"የታሉ በሬዎቹ?"

"ሸንኮራው ውስጥ።"

ሽማግሌው ወደ ባርኔጣው አየት አደረገና ተወው። ወደ ልጁ ቀርቦ ክርኑን በሁለት ጣቱ ዳሰሰ፣ አጠፈ፣ ዘረጋ። "ንጹሕ ነው" አለ፤ ለራሱ የሚያወራ ይመስል ነበር። "እንዲህ ያለ ያልተነካ ክንድ ካየሁ ስንት ዓመቴ! ማነው እንዲህ ጠብቆ ያቆየው?"

"እኔ ነኛ! ማን ይሆናል?" አለ ኔኖ ደረቱን እየነፋ።

ያን ጊዜ አንድ ቃል መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። ጉዳዩ ሊያልቅ ነው፣ ልጁ ሊፈርም ነው፣ ቶሪቢዮ ሊደሰት ነው ብዬ ምራቄን ዋጥኩ።

ተራው የእኔ ሆነ። ሽማግሌው ጫማዬን አየ፤ መዳፌን ከመዳፉ ጋር ለካ፤ አባቴ ምን ያህል እንደነበር ጠየቀኝ። እውነቱን ነገርኩት፤ አባቴ ከእኔም ይረዝም ነበር። ደብተሩ ላይ ጻፈ፤ ፊቱ ፈካ። ኔኖ ጥቅሻ ላከልኝ።

"እስቲ ሁለቱንም እጅዎን ወደ ጎን ይዘርጉልኝ፤ ስፋቱን ልለካ" አለኝ።

ዘረጋሁ። ግራዬ እንደ ጣውላ ቀጥ አለ። ቀኙ መንገድ ላይ ቆመ።

ከዚያ ቀን በፊት ዘጠኝ መልማይ አይቶኛል፤ ዘጠኙም ወደ ላይ አንጋጦ ወደ ታች ተመልክቶ ነው የሄደው። እጄን ኪሴ ውስጥ እከት ስለነበረ ክርኔን አንድም ሰው አላየውም። ኔኖም ረስቶት ነበር። ለቁመቴ ሲቀጥረኝ ሌላው አካሌም አብሮ እንደሚመጣ አላሰበም፤ እኔም አላሰብኩም።

"ይሄ ምንድነው?" አለ ሽማግሌው።

"ከሞተር ሳይክል ወድቆ ነው!" ኔኖ ዘሎ ገባ።

"አንተን አልጠየቅኩም።" ክርኔን ያዘና በአውራ ጣቱ ውስጡን ጫን አለው። የሚያውቀው ቦታ ነው። "ወርዋሪ ነበሩ?"

"ነበርኩ።"

"መቼ ተበጠሰ?"

"በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ።"

ደብተሩን ዘጋው። "ቁመቱን ከሰጠው ጅማቱንም ሰጥቶታል" አለ ወደ ኔኖ ዞሮ፤ ድምፁ ውስጥ ከልብ የሆነ ሐዘን ነበር። "የልጁ ዳሌም ክንዱም ጥሩ ነው። ግን ስምንት ዓመት ጠብቄ፣ አሳድጌ፣ መጨረሻ ላይ እንዲህ ያለ ክርን ልረከብ? አልችልም። ሌላ ልጅ አሳየኝ።"

በዘር ነው አለ! ደሜ ፈላ። የእኔን ጅማት የበጠሰው አባቴ አይደለም። የበጠሱት እንደ ኔኖ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ እንደ ሽማግሌው ያሉ ሰዎችም ደብተር ይዘው ቆመው አይተዋል። አሁን ደግሞ በእኔ ክርን የሌላ ሰው ልጅ ሊጣል ነው። ዊልኪን ጆሮውን ሲነካ አየሁት።

"አባቱ አይደለሁም" አልኩ።

"ዝም በል አንተ!" አለ ኔኖ።

"አባቱ አይደለሁም ዶን አርሴኒዮ። ለቁመቴ ነው ያቆሙኝ። አባቱ ያውና፣ ያ ያፏጨው ሰውዬ። ክርኑ ጤነኛ ነው። ዘሩ ውስጥ ኳስ የወረወረ የለም። የልጁን ክንድም ጠብቆ ያቆየው እሱ ነው፤ ቦሎቄ እየቆጠረ።"

"ቦሎቄ?" አለ ሽማግሌው። እንደ እብድ አየኝ።

"አትስሙት፣ ሰክሯል!" ኔኖ ላብ አጥምቆታል። "ነገር ሲበላሽ ይሄው ዝም ብሎ ይቀባጥራል፤ ደንግጦ ነው።"

"ያን ሰው ጥሩት" አለ ዶን አርሴኒዮ።

የአጥሩ በር ለቶሪቢዮ በሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ተከፈተ። እየሮጠ ነው የመጣው። ከነበረበት ቦታ ምንም አልሰማም፤ ያየው እኔ እጄን ስዘረጋና ሽማግሌው ሲጽፍ ብቻ ነው። ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ። ከልጁ አጠገብ ሲቆም ራሱ ከልጁ ብብት ብዙ አልዘለለም።

"አንተ ሰውዬ፣ የዚህ ልጅ አባት ነህ?" አለው ዶን አርሴኒዮ።

ቶሪቢዮ እኔን አየኝ። እኔ በዓይኔም በራሴም "አዎ በል፣ አዎ በል" እያልኩት ነው። እሱ ግን ሌላ ነገር ነው ያነበበው። ወኔ የከዳኝ መሰለው። ፈርቼ ላበላሽበት የደረስኩ መሰለውና ሊያድነኝ ቆረጠ።

"እኔ? ኧረ አይደለሁም ጌታዬ!" ብሎ ሳቀ። "እኔን አይተው ይሄን ልጅ ያያሉ? አባቱ ይሄው፣ አጠገብዎ ያለው ምሰሶ። ትከሻቸውን አያዩትም?"

"ቶሪቢዮ! እውነቱን ንገረው፣ ተነግሮታል!" ብዬ ጮህኩ።

"እውነቱን ነው የምናገረው። ሰውዬው ዓይን አፋር ነው ጌታዬ፣ ሰው ፊት ይደነግጣል። እኔ በሬ ነጂ ነኝ። እኔ ልጅ የለኝም።"

ልጁ ፊቱን ወደ መሬት ደፍቶ ጆሮውን ያዘ። ቶሪቢዮም ሳለ። ልጅ የለኝም ባለበት አፍ፣ ወዲያው፣ ዝግ አድርጎ ሳለ።

ከሁላችን መካከል ያን ሳል ያላወቀው ሽማግሌው ብቻ ነው። "ልጄ፣ አንተስ ምን ትላለህ?" ብሎ ዊልኪንን ጠየቀው። ልጁ አፉን ከፈተ። ኔኖን አየ፣ እኔን አየኝ፣ አባቱን አየ። አባትየው ባርኔጣውን ጨምቆ ይዞ፣ ዓይኑ "እንዳትናገር" ይላል። ኔኖ ሜዳ ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ ያስጠኑት ዝምታ ነው። አልተናገረም።

ዶን አርሴኒዮ ደብተሩን ብብቱ ሥር አደረገ። "ሠላሳ ዓመት በዚህ ሥራ አለሁ" አለኝ፤ እርስዎ ማለቱን ትቶ ነበር። "ለቁመት የሚዋሽ ሰው አይቻለሁ፣ ለዕድሜ የሚዋሽም አይቻለሁ። ልጁ ፊት ቆሞ ልጄ አይደለም የሚል አባት ግን አላየሁም፣ የለምም። ስለዚህ ይሄ ድሃ እውነቱን ነው። አንተ ግን የገዛ ልጅህን ከሌላ ሰው ላይ ልትለጥፍ ነበር፤ ታስጠላለህ!" አለና ሄደ።

ታስጠላለህ ያለው ትክክል ነው፤ ምክንያቱን ብቻ ተሳሳተ።

ኔኖ ጓንቱን መሬት ላይ ፈጥፍጦ እናቴን ሲሰድብ ትቼው ወጣሁ። ቶሪቢዮ ከአጥሩ ውጭ፣ በተለመደው ቦታው፣ እየጠበቀኝ ነበር። ፊቱ በርቷል።

"እንዴት ነበርኩ?" አለኝ።

አየሁት። ግንባሩ ላይ የባርኔጣው ምልክት አለ። ከኪሱ ቦሎቄዎቹን አውጥቶ መዳፉ ላይ ይዟቸዋል።

"አንተማ ፈርተህ ልታበላሽብን ነበር! እንደዚያ ስትንቀጠቀጥ ሳይ ልቤ ነው የቆመው። ቶሎ ባልደርስ ኖሮስ? ንገረኝ እንጂ፣ ደህና ሠራሁ?"

ልነግረው አፌ ድረስ መጣ። ዊልኪን ከኋላዬ ደርሶ ቆሟል፤ እሱም ይሰማል። ዞር ብዬ አየሁት። ልጁ በትንሹ ራሱን ነቀነቀ፤ አትንገረው ማለቱ ነው።

"ጎበዝ ነበርክ" አልኩት።

"አላልኩህም!" አለ ቶሪቢዮ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ። "ስልሳ ሁለት ነው የወረወርከው፤ ሁለት አልፏል። አምስት ቀን ታርፋለህ። ሹራቡን ክንድህ ላይ ጣል አድርግ።"

"እሺ አባዬ" አለ ልጁ። ጮክ ብሎ ነው ያለው። ጥላው ሥር ያሉት ልጆች ዞር አሉ።

ኔኖ ከሳምንት በኋላ እንደገና መኪናውን ጎማ ቤቴ ፊት አቆመ። ሌላ ልጅ አለ አለኝ። በፌስታል የያዘውን ወረወረልኝ፤ ረጅም እጅጌ ያለው አዲስ ነጭ ሸሚዝ ነው። ከዚያ ሁሉ ነገር የተማረው ይህን ነው! ሸሚዙን የጎማ ቀዳዳ ከምፈልግበት ጥቁር ውሃ ውስጥ ነከርኩት። ከዚያ ወዲህ አባት ሆኜ አልቆምኩም፤ ግን ይህን እንደ ጀግንነት አልናገረውም፤ የመጣው ከረፈደ ነው።

ወሬ በመልማዮች መካከል ይሮጣል። "አባቱ ክርኑ የተበጠሰው ልጅ" ተብሎ ተጻፈ፤ ሌላ ማንም አልመጣም። ኔኖ ዊልኪንን ወደ ቤቱ ሰደደው። አሁን አሥራ ስምንት ሞልቶታል፤ በዚህ ገበያ ሽማግሌ ነው። ከአባቱ ጋር ሸንኮራ ይጭናል። በየአራት ቀኑ አመሻሽ ላይ ሸንኮራ ከሚመዘንበት ቤት ግድግዳ ፊት ቆሞ ይወረውራል፤ ቶሪቢዮ ሰባ ቦሎቄ ያሻግራል። ያንን ክንድ ሳይ እጄን ነው የምነክሰው። ከዛሬ ስድስት ዓመት በኋላም እንዲሁ ጤነኛ ይሆናል፤ ሸንኮራ ይጭንበታል።

እውነቱን ለቶሪቢዮ መንገር የነበረብን ሦስት ሰዎች ነን፤ ኔኖ ስለማይገደው አይናገርም፣ እኔ ስለምፈራ አልናገርም፣ ልጁ ደግሞ አባቱን ስለሚወድ አይናገርም። ሰፈሩም ቶሪቢዮ ፊት ዝም ይላል። ቶሪቢዮ ጉዳዩ አሜሪካ ሄዶ እየተጠና ነው ብሎ ያምናል፤ ፈረንጅ ነገሩ ቀስ ያለ ነው ይላል።

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ "ወንድሜ" አይለኝም። ጋሪውን እየነዳ በጎማ ቤቴ ሲያልፍ ከበሬዎቹ ወዲያ ባርኔጣው ከፍ ይላል።

"አበልጄ!" ይለኛል። "አልደወሉም እስካሁን?"

"ገና ነው አበልጄ" እለዋለሁ፤ ጎማዬ ላይ አቀርቅሬ።